ሳይቸግር ጤፍ ብድር፦ «ተፈጥሯዊ» ሱፐርማርኬት ለማን ያዋጣል?

ታናሽ እህቴ ባለፈው ወር እቁቧን ሳትጥል ቀረች። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ያላጓደለች ሴት ናት። ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ የሌሊት ፈረቃ ትገባለች፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ ለእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ የምትልከውም እሷ ናት። ደንግጬ ደወልኩላት። ታማ ይሆን? ከሥራ ተቀንሳ ይሆን? አልነበረም።

«ጋሼ፣ አስቤዛው ነው» አለችኝ።

ትንሹ ልጇ ምግብ ከጀመረ ወዲህ የለመደችውን ገበያ ትታ «ተፈጥሯዊ ምግብ» ወደሚሸጥበት ሱፐርማርኬት ዞራለች። ስልኳ ላይ የምትከታተላት አንዲት ሴት አለች፤ ከመደርደሪያ ላይ አንድ በአንድ እያነሣች «ይህ መርዝ ነው፤ ይህም መርዝ ነው» እያለች ቪዲዮ ትለቅቃለች። የሥራ ባልደረባዋም ያንኑ ደገመችላት። «ታዲያ እያወቅሁ ልጄን መርዝ ላብላው?» ብላ ጠየቀችኝ።

የዚያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ልጅ ያለበት ጥያቄ በቀልድ አይታለፍም። ሦስት ቅዳሜ ደረሰኝ ይዤ ከገበያ ገበያ ዞርኩ፤ ማታ ማታ ደግሞ ስለ ጉዳዩ የተጻፈውን አነበብኩ። ይህ ጽሑፍ ለእሷ የሰጠሁት መልስ ነው። እሷን የመሰሉ ብዙ ሺህ እህቶችና ወንድሞች በየከተማው እንዳሉ ስለማውቅ እዚህ አደባባይ አወጣሁት።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። ሽንኩርት ከትፎ፣ ምስር ለቅሞ፣ ጎመን ቀቅሎ በቤቱ ወጥ የሚሠራ ሰው የሳምንት አስቤዛውን ከተፈጥሯዊ ሱፐርማርኬት መግዛቱ አያዋጣውም። ይልቁንም በብዙ ቤት የሚሸጠው ምግብ ሳይሆን ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱንም የሚገዙት በአብዛኛው እናቶች ናቸው።

ደረሰኙ ምን ይላል?

እህቴ የምትገዛውን ዝርዝር ይዤ ወጣሁ። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ድንች፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ሙዝ፣ ፖም፣ እንጆሪ፣ ዘይት። ያንኑ ዝርዝር በእሷ ሱፐርማርኬትና በሰፈራችን ተራ ገበያ ዋጋውን ደመርኩ። ልዩነቱ በሳምንት 50 ዶላር ገደማ መጣ። ሌላ ሰፈር ያለ ሰው ሌላ ቁጥር ያገኝ ይሆናል፤ የእኛ ይህ ነው።

50 ዶላር ብቻውን ሲታይ አያስደነግጥም። በወር ግን 200 ዶላር ያልፋል፤ የእህቴ የእቁብ መጣያም 200 ዶላር ነው። በዓመት 2,600 ዶላር ይሆናል። ይህ ገንዘብ የሁለት ሰው ባይሆን የአንድ ሰው የአገር ቤት የአውሮፕላን ትኬት ነው። የእማዬ መድኃኒት ነው። የትልቋ ልጅ የክረምት ትምህርት ነው። ስለዚህ «ለጤና ገንዘብ አይቆጠርም» የሚለውን አባባል አልቀበልም። ይቆጠራል። ያልቆጠርነው ገንዘብ ከሌላ የጤና ወጪ ላይ ነው የሚቀነሰው።

«ሙሉ ደመወዝ»

የዚህ ንግድ አባወራ ሆል ፉድስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ቴክሳስ ኦስቲን ውስጥ በአንድ ሱቅና በ19 ሠራተኞች ተጀመረ። በ2017 አማዞን በ13.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። አሜሪካኖች ራሳቸው በስሙ እየተጫወቱ «ሙሉ ደመወዝ» ብለው ሲቀልዱበት ኖረዋል፤ ገብተህ ስትወጣ ደመወዝህ ሙሉውን እዚያ ቀርቷል ለማለት ነው። ላለመበደል፣ አማዞን በገዛው የመጀመሪያ ቀን የአንዳንድ ሸቀጥ ዋጋ ቀንሷል፤ የራሱ ስም ያለባቸው ሸቀጦችም ከሌሎቹ ይረክሳሉ። ቀልዱ ግን እስከ ዛሬ አልሞተም።

ሰው ከፍ ያለ ዋጋ ሲከፍል ምን የገዛ ይመስለዋል? እምነት። «እዚህ አያጭበረብሩኝም» ብሎ ያስባል። እንግዲህ በመዝገብ ያለውን እንይ። በ2015 የኒውዮርክ ከተማ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሆል ፉድስን 80 ዓይነት ታሽገው የሚሸጡ ምግቦች መዘነ፤ በሁሉም ዓይነት ላይ የተሳሳተ ክብደት የተጻፈበት እሽግ አገኘ። ከእሽግ እሽግ ሸማቹ ያለአግባብ የሚከፍለው ከ80 ሳንቲም እስከ 14.84 ዶላር ይደርስ ነበር። የድርጅቱ ሁለት ሥራ አስኪያጆች በቪዲዮ ወጥተው ስሕተት መሠራቱን አመኑ፤ በዓመቱ መጨረሻም ጉዳዩ በ500,000 ዶላር ስምምነት ተዘጋ። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለ አንድ ሱቁ ሦስት ዘንግ አስፓራገስ የተነከረበት የጠርሙስ ውኃ በ5.99 ዶላር ተሸጠ። መሳቂያ ሲሆን «በስሕተት የተዘጋጀ ነው» ተብሎ ተነሣ።

ይህን የማነሣው ሌሎቹ ነጋዴዎች መላእክት ናቸው ለማለት አይደለም። ሚዛን የሚሰርቅ ነጋዴ በየትም አለ። የምለው ይህን ነው፦ ከፍ ያለ ዋጋ ታማኝነትን አይገዛም። አረንጓዴ ቀለም፣ የእንጨት ሳጥንና የተክል ሽታ ያለው ሱቅም የሚመዝነው በዚያው በብረት ሚዛን ነው።

«ተፈጥሯዊ» እና «ኦርጋኒክ» አንድ አይደሉም

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ቃላት አንድ አድርገን እንከፍልባቸዋለን።

«ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል በአሜሪካ ሕግ አለው። ሕጉ በ1990 ወጣ፤ ዝርዝር ደንቡ በ2002 ሥራ ላይ ዋለ። የግብርና ሚኒስቴሩን ክብ ማኅተም የለጠፈ ምርት ቢያንስ 95 በመቶው ኦርጋኒክ መሆን አለበት። ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና አብዛኞቹ ሰው ሠራሽ ፀረ ተባዮች አይፈቀዱም፤ እንስሳው አንቲባዮቲክና የማሳደጊያ ሆርሞን አይሰጠውም፤ መርማሪ በየዓመቱ ይመጣል። ይህ ቁም ነገር ያለው ነገር ነው። ኦርጋኒክ ማለት ግን «ፀረ ተባይ ያልነካው» ማለት አይደለም። ከተፈጥሮ የሚገኙ ፀረ ተባዮች፣ እንዲሁም የመዳብ ውሕዶች ይፈቀዳሉ።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ግን? የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለቃሉ በደንብ የጸና ትርጉም አልሰጠውም። በ2015 ሕዝቡን አስተያየት ጠየቀ፤ ደንብ ግን አላወጣም። በሥጋ ላይ ሲጻፍ ደግሞ «ብዙ ያልተነካካ፣ ሰው ሠራሽ ነገር ያልተጨመረበት» ማለት ብቻ ነው፤ እንስሳው እንዴት እንዳደገና ምን እንደበላ አንዲት ቃል አይናገርም። እህቴ ሁለት ዶላር ጨምራ የገዛችው «ተፈጥሯዊ» ዶሮ ከጎኑ ካለው ዶሮ በምን እንደሚለይ እሽጉን ሁለት ጊዜ አገላብጬ አነበብኩ። አላገኘሁም።

ከዚህም የባሰ ጨዋታ አለ። ዶሮው ላይ «ሆርሞን ያልተሰጠው» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ዝቅ ብላችሁ በደቂቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ፦ የፌዴራል ደንብ ለዶሮ ሆርሞን መስጠትን ይከለክላል ይላል። ስለዚህ የየትኛውም ሱቅ ዶሮ ሆርሞን አልተሰጠውም! ጨው ላይ «ዘረመሉ ያልተለወጠ» ብለው የሚለጥፉም አሉ። ጨው ዘረመል የለውም፤ ድንጋይ ነው። ሕግ ያስገደደውን ነገር እንደ ስጦታ አድርጎ መሸጥ ንግድ ከተባለ፣ ቀይ መብራት ላይ ስለቆመ ሽልማት የሚጠይቅ ሾፌርም ነጋዴ ነው።

አንድ ነገር ያዙ። ያ የኦርጋኒክ ክብ ማኅተም የትም ቢለጠፍ አንድ ነው። ኮስትኮ ላይም፣ አልዲ ላይም፣ ዋልማርት ላይም ሕጉ አንድ፣ ደንቡ አንድ ነው። ኦርጋኒክ ያስፈልገኛል ብሎ ያመነ ሰው እንኳ ወደ ውዱ ሱቅ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ማኅተሙን ርካሽ ቦታ ያገኘዋል።

ማኅተሙም ቢሆን በሰው እጅ ያለ ነገር መሆኑን አንርሳ። በ2019 አንድ የሚዙሪ ገበሬ ተራ እህልን «ኦርጋኒክ» እያለ ለዓመታት በመሸጡ ከ10 ዓመት በላይ እስራት ተፈርዶበታል፤ የሸጠው እህል ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥጥሩን የሚያጠብቅ አዲስ ደንብ ወጥቶ በ2024 ሥራ ላይ ውሏል። መጥበቁ መልካም ነው። መጥበቅ ማስፈለጉ ግን ራሱ ይናገራል።

ሳይንሱስ?

«ልጄን መርዝ ላብላው?» ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ፤ ዋናው እሱ ነውና።

በ2012 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 237 ጥናቶችን አሰባስበው መረመሩ። ኦርጋኒክ ምግብ በንጥረ ነገሩ ከተራው የተሻለ ስለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ አላገኙም። የፀረ ተባይ ቅሪት የመገኘቱ ዕድል ግን በኦርጋኒኩ ዝቅ ያለ ነው፤ ይህን በግልጽ ጽፈዋል። በተራው ላይ የሚገኘው ቅሪትም ሕግ ከፈቀደው መጠን የሚያልፈው አልፎ አልፎ ብቻ እንደሆነ አክለዋል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያደርገው ምርመራም ዓመት ከዓመት የሚለው ይኸንኑ ነው፦ ከተመረመሩት ናሙናዎች ከ99 በመቶ በላይ የሆኑት ከተፈቀደው ጣሪያ በታች ናቸው።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ መግለጫ አወጣ። የቅሪቱ ማነስ ለልጆች ሊጠቅም እንደሚችል አልካደም። ለወላጆች የሰጠው ምክር ግን አጭር ነው፦ ከሁሉ የሚበልጠው ልጁ አትክልትና ፍራፍሬ በብዛት መብላቱ ነው፤ ኦርጋኒክ ይሁንም አይሁን። ይህን ዐረፍተ ነገር እህቴ ማቀዝቀዣ ላይ ልለጥፍላት አስቤ ነበር። ምክንያቱም ውዱን እንጆሪ ስትገዛ መጠኑን እየቀነሰች ነበር። አንድ ትንሽ ሣጥን ለሁለት ልጅ ሳምንቱን ሙሉ! ከመርዝ ላድናቸው ብላ ከፍራፍሬው አጎደለቻቸው።

ስለ ሕፃን ምግብ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በየካቲት 2021 የአሜሪካ ምክር ቤት አንድ ንዑስ ኮሚቴ በታወቁ የሕፃናት ምግቦች ውስጥ አርሴኒክ፣ እርሳስና ካድሚየም መገኘታቸውን የሚገልጽ ሪፖርት አወጣ። ኦርጋኒክ የሚሉትም ምርቶች ከዝርዝሩ አላመለጡም። ለምን? እነዚህ ብረቶች የሚመጡት ከአፈርና ከውኃ ነው፤ ሩዝ በተለይ አርሴኒክ ይስባል። ማኅተሙ የሚመሰክረው ገበሬው የጨመረውንና ያልጨመረውን ነው፤ መሬቱ ከጥንት የያዘውን አይደለም። ሐኪሞች የሚመክሩት መፍትሔ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም፦ ሕፃኑን በየቀኑ የሩዝ ገንፎ ብቻ አታብሉት፤ አጃም ገብስም እያፈራረቃችሁ ስጡት። ይህን እናቶቻችን ያለ ሱፐርማርኬት ያውቁት ነበር።

የተቃዋሚዬ ጠንካራ ነጥቦች

ተቃዋሚን በደካማ ጎኑ ብቻ መምታት ነውር ነውና ጠንካራውን ላንሣ።

አንደኛ፦ በ2018 ፈረንሳይ ውስጥ 69,000 ገደማ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ኦርጋኒክ አዘውትረው የሚበሉት በካንሰር የመያዛቸው መጠን በ25 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ኦርጋኒክ የሚበሉት ሰዎች በገቢም፣ በትምህርትም፣ በአመጋገብም ከሌሎቹ የተሻሉ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ይህን በስሌት ለማስተካከል ሞክረዋል፤ ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ግን አይቻልም። ከዚያ በፊት በ2014 እንግሊዝ ውስጥ ከ600,000 በላይ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት በጠቅላላው የካንሰር መጠን ላይ ቅናሽ አላገኘም። ስለዚህ ጥያቄው ገና አልተዘጋም። ባልተዘጋ ጥያቄ ላይ ግን እቁብ አይጓደልም።

ሁለተኛ፦ «አንተ ስለራስህ ሆድ ብቻ ታወራለህ፤ ፀረ ተባዩን የሚረጨው ሠራተኛስ?» ይሉኛል። በዚህ እረታለሁ። በፀረ ተባይ አብዝቶ የሚጎዳው እንጆሪውን የሚበላው ሳይሆን የሚለቅመው ነው። ለእሱ ብሎ ኦርጋኒክ የሚገዛ ሰው ካለ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ። ነገር ግን ይህም የሚያያዘው ከማኅተሙ ጋር ነው እንጂ ከሱቁ ጋር አይደለም። ደግሞም የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ሴት የሌላውን ሠራተኛ ደኅንነት ከ50 ዶላሯ እንድትከፍል መጠየቅ የመንግሥትን ሥራ በእሷ ትከሻ ላይ መጫን ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፦ እነዚህ ሱቆች የሚከለክሏቸው ነገሮች ዝርዝር አላቸው። ሆል ፉድስ ከ300 በላይ ንጥረ ነገሮችን ከምግብ መደርደሪያው አግዷል። አንዳንዱን ከመንግሥት ቀድሞ ነው ያገደው። ቀይ ቁጥር 3 የሚባለውን ማቅለሚያ መንግሥት ከምግብ እንዲወጣ የወሰነው በጥር 2025 ነው፤ እዚያ ሱቅ ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ ከዚያ በፊት ክልክል ነበር። ይህ እውነተኛ አገልግሎት ነው። ለዚህ የሚከፍል ሰው ሞኝ አይደለም።

ግን አስተውሉ! ማቅለሚያ የሚገባው ምን ውስጥ ነው? ከረሜላ፣ የታሸገ ኬክ፣ የቁርስ ጥራጥሬ፣ መጠጥ ውስጥ። ሱቁ የሚሸጠው ወንፊት ነው። የታሸገ ምግብ ለሚበላ ቤት ወንፊቱ ያስፈልገዋል፤ ራሱ የእያንዳንዱን እሽግ ጽሑፍ ከማንበብ ይገላግለዋል። ሽንኩርት ላይ ግን ምን ይነፋል? ምስር ውስጥ ማን ማቅለሚያ ጨመረ? ከጥሬው የሚያበስል ቤት ወንፊቱን አስቀድሞ በእጁ ይዟል፤ እናት ማታ ቆማ ሽንኩርት ስታቁላላ የሠራችው ሥራ እሱ ነው። ያንኑ ሥራ ሠርታ ሲያበቃ ለሱቁ ደግሞ ደመወዝ ትከፍላለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ጤፍን ካነሣሁ አይቀር፦ በእነዚህ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ጤፍ በትንሽ ከረጢት «የጥንት እህል፣ ግሉተን የሌለው» ተብሎ ተቀምጦ አያለሁ። እኛ ሱቅ በ25 ፓውንድ ከረጢት የሚሸጠው ያው ጤፍ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

የእኛ ማድ ቤት

አሁን ወደ ተግባሩ። በአሜሪካ አንድ የአካባቢ ተሟጋች ድርጅት ቅሪት በብዛት የሚገኝባቸውን አትክልቶችና ፍራፍሬዎች በየዓመቱ ዝርዝር ያወጣል። ብዙ ሳይንቲስቶች ይተቹታል፤ ቅሪት መኖሩን እንጂ መጠኑ ጎጂ መሆኑን አይለካም ይላሉ፤ ትችቱ ልክ ነው። ሆኖም የሚያስጨንቀው ሰው ገንዘቡን የት ላይ ቢያውል እንደሚሻል ለመምረጥ ይረዳል።

ዝርዝሩን ከእኛ ማድ ቤት ጋር ሳስተያየው የሚገርም ነገር አገኘሁ። የወጣችን መሠረት ሽንኩርት ነው። በዝርዝሩ ላይ ሽንኩርት ቅሪት ከማይበዛባቸው መካከል ነው! አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ጥቅል ጎመንም እንዲሁ። እህቴ ግን በሳምንት አምስት ፓውንድ ኦርጋኒክ ሽንኩርት ትገዛ ነበር፤ ልጣጩን ልትጥለው። በሌላ በኩል እንጆሪ፣ ስፒናችና የእኛው የአበሻ ጎመን ዘመዶች ቅሪት ከሚበዛባቸው ተርታ ተሰልፈዋል። ስለዚህ ትንሽ መጨመር የሚፈልግ ሰው እዚያ ላይ ይጨምር፤ ርካሹን ኦርጋኒክ ፈልጎ። የቀረውን በሚፈስ ውኃ አሽቶ ማጠብ ነው፤ ሳሙና አያስፈልግም፤ አይመከርምም።

የዱቄት ወተት ለምታጠቡ ደግሞ፦ በአሜሪካ ገበያ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ማንኛውም የሕፃን ወተት አንድ ዓይነት የፌዴራል የንጥረ ነገር መስፈርት ማሟላት አለበት። ርካሹም፣ ውዱም።

ከአዲስ አበባ ለምታነቡ

ይህ የአሜሪካ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቃሉ አዲስ አበባም ደርሷል። «ኦርጋኒክ ማር»፣ «ተፈጥሯዊ ቅቤ»፣ «ኬሚካል ያልነካው» የሚሉ ጽሑፎች በየሱፐርማርኬቱና በየቴሌግራም ገበያው ሞልተዋል። እዚህ አሜሪካ ቢያንስ «ማኅተምህን አሳየኝ» ማለት ይቻላል። እዚያስ ሻጩን «ማን መረመረው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ጽሑፉን አታሚ ቤት ያተመው ከሆነ የከፈላችሁት ለወረቀቱ ነው።

ተገላቢጦሹም አለ። ብዙው የአገራችን የቡና ገበሬ ማዳበሪያም ፀረ ተባይም ሳይጠቀም ነው የሚያመርተው። በማኅበር ተደራጅቶ የምስክር ወረቀቱን ወጪ ካልቻለ ግን ቡናውን ውጭ አገር «ኦርጋኒክ» ብሎ መሸጥ አይችልም። ኬሚካል ያልነካው ቡና «ተራ» ይባላል፤ ወረቀት ያለው ደግሞ በውድ ይሸጣል። ዋጋ የሚከፈለው ለንጽሕናው ሳይሆን ለወረቀቱ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ደግሞም «ተፈጥሯዊ ከሆነ ደኅና ነው» የሚለውን እምነት ጣሉት። በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ በሁሉም ላይ የአፍላቶክሲን ቅሪት አገኘ። ዋናው ምንጭ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። ፋጉሎ ተፈጥሯዊ ነው። ሻጋታም ተፈጥሯዊ ነው። መርዙ ራሱ ከተፈጥሮ የመጣ ነው። ወተቱ ላይ «ተፈጥሯዊ» ብሎ መጻፍ ውሸት አልነበረም፤ ግን ለልጅ ምን ፈየደ? ያንን የሚያስቀረው የመኖ ማከማቻና ምርመራ ነው፤ ይህም የሚመጣው ሁላችንም ከመንግሥት ስንጠይቅ ነው እንጂ አቅም ያለው ብቻ ውድ ሱቅ ሲገባ አይደለም።

ትልቁ ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው። ደኅና ምግብ የሁሉም ልጅ መብት መሆኑ ቀርቶ ሱቅ መርጦ የሚገዛ የግል ዕቃ ሲሆን፣ ገንዘብ ያለው ይገዛና ዝም ይላል፤ የሌላት እናት ደግሞ ራሷን ትወቅሳለች። ቀይ ማቅለሚያው ከሁሉም ልጅ ከረሜላ እንዲወጣ ያዘዘው የመንግሥት ውሳኔ ነው። ሱቁ ያስወጣው ከራሱ ደንበኞች ልጆች ከረሜላ ብቻ ነበር።

ታዲያ ለማን ያዋጣል?

ለአንዳንዱ ያዋጣል። ለማብሰል ጊዜ የሌለውና በአብዛኛው የታሸገ የሚበላ፣ ገቢውም የሚችል ሰው ቢገዛ አልቃወምም፤ ወንፊቱን ገዛ። ከባድ የምግብ አለርጂ ያለበት ልጅ ያላት እናት ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር እዚያ ብታገኝ ትግዛ። ጣዕሙን ወድዶ የሚገዛም ይግዛ፤ ምቾት ነውር አይደለም። እኔም በዓመት አንዴ ለበዓል አይብ ገዝቼ አውቃለሁ። ነገር ግን ምቾትን ምቾት እንበለው፤ የእናትነት ግዴታ አናድርገው።

እቁብ የሚያጓድል፣ ለወላጅ የሚላከውን የሚያዘገይ፣ የልጆችን ፍራፍሬ የሚያሳንስ ከሆነ ግን አያዋጣም። ይህን ለእህቴ ነገርኳት። ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ሁለት ሰዓት ተከራከርን። ሁሉንም አልተቀበለችኝም። «ወተቱን አልለቅም፤ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለች። እሺ አልኳት። ወተቱ፣ እንጆሪውና ጎመኑ ኦርጋኒክ ሆነው ከርካሹ ገበያ ይገዛሉ፤ ሽንኩርቱ፣ ምስሩና ዶሮው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። ያቺን «መርዝ ነው» የምትለውን ሴት ቪዲዮ ግን ገና ታያለች። እኔ ፊት ስልኳን ትገለብጠዋለች።

በዚህ ወር እቁቧን ጥላለች። ያለፈውንም ጨምራ።

እናንተስ? የየራሳችሁን ደረሰኝ አውጡና ደምሩ። ልዩነቱን በ52 አባዙት። ከዚያ የወጣውን ቁጥር እያያችሁ ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ የምትቃወሙኝም ጭምር። እንዲህ ያለ አስቤዛ እያስጨነቃት ያለች እህት ካላችሁም አድርሱላት።